በላንካስተር የገበሬዎች ገበያና በአሚሾች መደብ የተመለከትነው

አትክልትና ፍራፍሬ የሚያመርት ገበሬ ችግሩ ሰብሉ ሲደርስ እንደማያበቃ የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ሁሉ የሚያውቁት ነው። በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ቲማቲሙ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው እጅግ ይወድቅና፣ የለቀማውንና የማጓጓዣውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ ማሳው ላይ እንዳለ ሲበሰብስ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ ላንካስተር በተባለው አውራጃ የሚገኙትን የገበሬዎች ገበያዎች ስንጎበኝ ይህንኑ ችግር በአእምሯችን ይዘን ነበር። ወደዚያ የተጓዝነው ለሌላ የሙያ ጉዳይ ሲሆን ገበያዎቹን ያየናቸው በትርፍ ቀኖቻችን ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃ ነገር የተገኘው ከስብሰባው ሳይሆን ከገበያው ስለሆነ፣ ያየነውን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ላንካስተር ከፊላዴልፊያ ከተማ በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የአውራጃው አፈር በአብዛኛው ከኖራ ድንጋይ የተፈጠረ፣ ጥልቅና ውኃ በደንብ የሚይዝ ነው። ዝናቡም በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ በየወሩ ተከፋፍሎ ይዘንባል። በዚህም የተነሣ አውራጃው ያለ መስኖ ከሚታረሱት የአሜሪካ አውራጃዎች በምርታማነቱ ግንባር ቀደም ተብሎ ይጠራል። አማካዩ የእርሻ ይዞታ ግን 30 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ አገር ገበሬ ሰፊ ሁዳድ ቢሆንም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ የአገሪቱ አማካይ ይዞታ 187 ሄክታር ከመሆኑ ጋር ሲነጻጸር በዚያ አገር ሚዛን እንደ ጓሮ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ እርሻ በትልልቆቹ መካከል እንዴት ሊቆም ቻለ? ገበያውን እየዞርን የጠየቅነው ይህንኑ ነበር።

ከአውራጃው ገበሬዎች ብዙዎቹ አሚሽ ከተባለው የክርስትና ማኅበር ወገን ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በ1693 እ.ኤ.አ. በስዊስና በአልዛስ ከነበሩት ወንድሞቹ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምክንያት ከተለያየው ከያዕቆብ አማን ሲሆን፣ ወደ ፔንሲልቬንያ መምጣት የጀመሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ቁጥራቸው ወደ 400,000 ይጠጋል፤ በላንካስተርና በዙሪያው ያሉት ብቻ ከ40,000 በላይ ናቸው። በቤታቸው የሚናገሩት የጀርመንኛ ዘይቤ ነው። መኪና የራሳቸው አያደርጉም፤ የሚሄዱት በአንድ ፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ነው። የመንግሥትም ሆነ የኩባንያ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቤታቸው አያስገቡም፤ ማሳቸውን የሚያርሱት በበቅሎ ነው።

ስለ እነርሱ የሚጻፈው ብዙው ነገር መሣሪያን የሚጠሉ ሰዎች ያስመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በማሳ ላይ ትራክተር እንዳይገባ የወሰኑት በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን አንዳንዱን መሣሪያ ተቀብለው አንዳንዱን መልሰዋል። ድርቆሽ የሚጠቀልለው መኪና የራሱ ሞተር ተገጥሞለት በበቅሎ ሲጎተት አይተናል። የወተት ፋብሪካዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ገበሬው ወተቱን በትልቅ ማቀዝቀዣ ጋን እንዲያስቀምጥ ባስገደዱ ጊዜ፣ በናፍጣ ሞተር የሚሠራውን ጋን ተቀብለዋል፤ እሑድ ግን ወተት የሚጭን መኪና እንዳይመጣ አስማምተዋል። ለአንድ መሣሪያ የሚቀርበው ጥያቄ ሥራ ያፋጥናል ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ይበትናል ወይ የሚለውም ጭምር ነው። እኛ በየጣቢያችን አዲስ መሣሪያ ስናስተዋውቅ ሁለተኛውን ጥያቄ የምንጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በላንካስተር ከተማ መካከል ያለው ሴንትራል ማርኬት በቀይ ጡብ የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ነው። የአሁኑ ሕንፃ በ1889 እ.ኤ.አ. ቢሠራም በቦታው ገበያ የቆመው ከ1730ዎቹ ጀምሮ ነው። ገበያው ማክሰኞ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይውላል። እኛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ መደቦቹ ሁሉ ተደርድረው፣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ቅርጫታቸውን ሞልተው እየወጡ ነበር። የአሚሾቹን መደብ ከሌላው ለመለየት አያስቸግርም። ሴቶቹ ነጭ ቆብ ደፍተው ያለ ጌጥ የተሰፋ ባለ አንድ ቀለም ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ያገቡት ወንዶች ጺማቸውን አሳድገው ሪዛቸውን ይላጫሉ።

ያየነው አትክልት ታጥቦና በመጠን ተለይቶ የቀረበ ነው። ትንሹ ቲማቲም ከትልቁ አልተቀላቀለም፤ የተሰነጠቀው ለብቻው በርካሽ ይሸጣል። ካሮቱ ከነቅጠሉ በእኩል ታስሯል። ዋጋው በወረቀት ተጽፎ ስለተሰካ ክርክር የለም። ገበያተኛው ስለ አዘራሩ፣ ስለ መድኃኒት ርጭቱ ይጠይቃል፤ ሻጩም ራሱ አምራች ስለሆነ ይመልሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። በገበሬዎች ገበያ ላይ የሚሸጥ ሁሉ ገበሬው ያመረተው አይደለም። በአንዱ መደብ ሙዝና ብርቱካን አይተናል፤ ሙዝ ደግሞ በፔንሲልቬንያ ብርድ እንደማይበቅል ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኒው ዮርክ ከተማ ግሪንማርኬት ሻጩ ራሱ ያመረተውን ብቻ እንዲያቀርብ ደንብ አለው። ሌሎች ገበያዎች ደንባቸው ላላ ያለ ነው። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር በ1994 እ.ኤ.አ. ሲቆጥር 1,755 የነበሩት የገበሬዎች ገበያዎች ዛሬ ከ8,000 በላይ ሆነዋል፤ ስለሆነም ያመረተው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው።

ይበልጥ የያዘን ግን የትኩሱ አትክልት መደብ ሳይሆን የጠርሙሶቹ መደብ ነው። በአንዲት አሚሽ እናት መደብ ላይ ሰፊ አፍ ያላቸው ጠርሙሶች እስከ ራስ ቁመት ተደርድረዋል። በአቼቶ የተቀመጠ ቀይ ሥር፣ በቀይ ሥሩ ውኃ የቀላ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ ክያር፣ የኮክ ማርማላታና «ቻው ቻው» የተባለው የአትክልት ድብልቅ ሁሉ አለ። ቻው ቻው የሚሠራው በመከር ማብቂያ ላይ ብርዱ ሳይቀድመው ከማሳው ከሚለቀመው ነው። ያልቀላ ቲማቲም፣ አበባ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቃሪያና እሸት በቆሎ ተከትፎ በአቼቶና በስኳር ይቀቀላል፤ ሰናፍጭና እርድም ይገባበታል። ለብቻው ገዢ የማያገኘው የማሳ ቅሪት በጠርሙስ ሲገባ እስከ ሚቀጥለው ክረምት የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል።

«አፕል በተር» የሚሉትም እንዲሁ ነው። ቃሉ ቅቤን ቢያስታውስም ቅቤ የለበትም፤ የጾም ምግብ ነው ብንል ያስኬዳል። የፖም ጭማቂ በትልቅ የመዳብ ድስት ይፈላና የተላጠ ፖም እየተጨመረ ቀኑን ሙሉ ይማሰላል። ቤተሰቡና ጎረቤቱ በተራ ያማስላሉ፤ ሲያልቅ እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት የጠቆረና የወፈረ ሆኖ ይወጣል። ለገበያ የማይቀርብ ነጥብ ያለበት ፖም ሁሉ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። ባለመደቧ እንደነገሩን፣ ዓመት ሙሉ የሚያስተዳድራቸው ጠርሙሱ ነው፤ ትኩሱ አትክልት ሰውን ወደ መደቡ የሚጠራ ነው።

የዚህን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር በሚያወጣው ስሌት፣ የአገሩ ሰው ለምግብ ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ ዶላር ለገበሬው የሚደርሰው 15 ሳንቲም ገደማ ነው። የቀረው ለማጓጓዣው፣ ለፋብሪካው፣ ለማሸጊያው፣ ለቸርቻሪውና ለምግብ ቤቱ ነው። የጠርሙሱ ባለቤት ከእነዚህ ድርሻዎች ብዙዎቹን በገዛ ቤቷ ትይዛለች። እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይደለም። የልጆቿና የእህቶቿ ጉልበት በደመወዝ ቢታሰብ ሂሳቡ ሌላ መልክ ይኖረዋል። የአሚሽ ልጆች ትምህርታቸውን የሚጨርሱት በስምንተኛ ክፍል ሲሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1972 እ.ኤ.አ. ይህን ፈቅዶላቸዋል። ከመደቡ በስተ ኋላ ከቆሙት ልጃገረዶች አንዳንዶቹ በእኛ አገር ቢሆን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የምናገኛቸው ነበሩ። ይህን ሳያነሡ የቤተሰብ ሥራን ማመስገን ተገቢ አይመስለንም።

ጠርሙሱን ወደ አገራችን እናምጣ የሚል ሐሳብ ለሚመጣላቸው የቤት ኢኮኖሚክስ ባልደረቦቻችን ከዚህ ላይ ጥቂት ጠበቅ አድርገን መናገር እንወዳለን። በጠርሙስ የታሸገ ምግብ አየር ስለሌለው ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ባክቴሪያው የሚሸነፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አሲድ ነው፤ የምግቡ ፒ.ኤች. 4.6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አያድግም። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ነገር ግን ፍሬው በተራ የፈላ ውኃ ስለማይሞት 116 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ድስት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፎሶሊያን፣ ካሮትንና ሥጋን ያለ አቼቶ አሽጎ በተራ ድስት ቀቅሎ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይፈቀድም። አቼቶው 5 በመቶ አሲድ ያለው መሆን አለበት፤ የአሲድ መጠኑ ያልተጻፈበት ወይም በውኃ የተበረዘ አቼቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቲማቲም በድንበሩ ላይ ያለ ሰብል በመሆኑ፣ አንድ ሊትር ገደማ በሚይዝ ጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። የታሸገው የሚመረጠው አሲዱ የተመጠነ ስለሆነ ነው።

በላንካስተር የማያስቸግር፣ በእኛ ደጋ ግን የሚያስቸግር ሌላም ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ላንካስተር ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ ውኃው በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሆለታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ እንደ ቻው ቻው ያለው ባለ አቼቶ ጠርሙስ በዝቅተኛ ቦታ በፈላ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ የሚበቃው ከሆነ፣ ከ1800 ሜትር በላይ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት። ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የተቀዳ የደቂቃ ቁጥር እንዳለ መውሰድ የማይገባው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ተመልሶ ሊያገለግል ይችላል፤ ጠፍጣፋው ክዳን ግን የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ክዳን በአቅራቢያው የማይገኝበት ቀበሌ ይህን ሥራ መጀመር የለበትም። ቲማቲሙን ቆርጦ በፀሐይ ማድረቅ ይሻለዋል።

ስለሚበላው ነገር ደግሞ ጥቂት እንበል። «ፕሬትዝል» የተባለው እንደ ቋጠሮ የተጠማዘዘ ዳቦ በዐይናችን ፊት ተጋግሮ ቅቤ ተቀብቶ በትኩሱ ይሸጣል። ከአሚሽ ቤተሰብ የተወለደችው አን ባይለር በ1988 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ዳውኒንግታውን በአንድ የገበሬዎች ገበያ መደብ ይህንኑ መሸጥ ጀምራ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ሱቆች ያሉት «አንቲ አንስ» የተባለው ድርጅት ከዚያ ወጥቷል። «ሹፍላይ ፓይ» የሚሉት ኬክ የሚሠራው በሞላሰስ ነው። በእኛ ስኳር ፋብሪካዎች አካባቢ ለከብት መኖ የምናውቀው ሞላሰስ በሳህን ቀርቦ ሲበላ ማየት አስቆናል፤ ጣዕሙ ግን መልካም ነው። «ስክራፕል» የአሳማ ሥጋ ቅሪትና የበቆሎ ዱቄት የተገነፋበት ስለሆነ አልቀመስነውም።

ከገበያው ይልቅ የገበሬውን ዋጋ የሚወስነውን ቦታ ለማየት ከከተማ ወጥተን ሊዮላ ወደተባለችው መንደር ሄድን። በዚያ በ1980ዎቹ የተቋቋመ የአትክልት ሐራጅ አለ። በበቅሎና በፈረስ የሚጎተቱ ጋሪዎች፣ ከኋላቸውም የጭነት መኪናዎች፣ ተሰልፈው በሰፊው ጣሪያ ሥር ያልፋሉ። አጫራቹ ከጋሪው አጠገብ ቆሞ፣ ለእንግዳ ጆሮ ዘፈን በሚመስል ፍጥነት ዋጋ ይጠራል። ገዢው ምራቁን ሳይውጥ አንዱ ጭነት ተሽጦ ሌላው ይተካል። ገዢዎቹ የመንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ የምግብ ቤት ሰዎች፣ የከተማ ቸርቻሪዎችና ራሳቸው በሌላ ገበያ መደብ የያዙ አሚሾች ናቸው።

ሐራጁ የሚሠራው ሣጥኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ቲማቲም 11 ኪሎ ግራም ገደማ በሚይዝ ሣጥን ይቀርባል፤ በሣጥኑ ላይ የአምራቹ ቁጥር ተጽፏል። ገዢው ከላይ ያለውን አንሥቶ ከሥር ያለውን ያያል። ከላይ ያማረ ከሥር የተበላሸ ሣጥን ያመጣ ገበሬ በዚያ ቀን ሊሸጥ ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ቁጥሩ ሲታይ ዋጋው ይወርዳል። ሐራጁ ኮሚሽኑን ቀንሶ ለገበሬው ይከፍላል። ገበሬው ጎረቤቱ በስንት እንደሸጠ በጆሮው ስለሚሰማ፣ የራሱ ለምን እንዳነሰ ሊጠይቅ ይችላል። በእኛ አገር የአትክልት ገበሬ ዋጋውን የሚሰማው ማሳው ድረስ ከሚመጣው ደላላ አፍ መሆኑን ስናስብ፣ ልዩነቱ የመሣሪያ ሳይሆን የአሠራር መሆኑ ይታያል። ወጥ ሣጥን፣ የአምራች ቁጥር፣ ሁሉም የሚሰማው ጨረታና አንድ ጣሪያ ካሉ፣ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊጀምረው የሚችል ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስገድዳቸው መሬት ነው። የአሚሽ ቤተሰብ ስድስትና ሰባት ልጅ መውለዱ የተለመደ ነው። በላንካስተር አንድ ኤክር የእርሻ መሬት፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ቦታ፣ ከ20,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ ማየት እንግዳ አይደለም። ከወተት ብቻ የሚተዳደር አባት ለሁሉም ልጆቹ እርሻ መግዛት አይችልም። ስለዚህ ዛሬ በአውራጃው ካሉት የአሚሽ አባወራዎች በእርሻ የሚተዳደሩት ከግማሽ በታች ናቸው፤ የቀሩት አናጢ፣ ግንበኛና ነጋዴ ሆነዋል፤ ርካሽ መሬት ፍለጋ ወደ ኬንታኪና ወደ ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የሄዱም አሉ። አትክልቱ፣ ጠርሙሱና መደቡ የመጡት ከዚህ ጭንቀት ነው። ለላም የማይበቃ መሬት በአትክልትና በላስቲክ ቤት ሲሠራበት አንድ ወጣት ባልና ሚስትን ከነልጆቻቸው ሊያውል ይችላል። ቤት ሠርተው ከወላጅ ግቢ አጠገብ እንዲቀመጡ ያደርጋቸዋል።

ከገበያው ጠረጴዛ ላይ የማይታይም ነገር አለ። በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ከብትና ዶሮ ስለሚረባ ፍግ ከማሳው ፍላጎት በላይ ይሆናል። ትርፉ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በሳስኩዌሃና ወንዝ ወርዶ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ይበክላል። የፌዴራል መንግሥት በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚገባውን የብክለት መጠን ወስኗል፤ የላንካስተር ገበሬዎችም በየወንዙ ዳር አጥር እንዲያጥሩና ዛፍ እንዲተክሉ ይጎተጎታሉ። ፍግ ለነዳጅ እየሄደ ማሳው ለሚራብብን ለእኛ ይህ የተገላቢጦሽ ችግር ነው።

ወደዚያ አገር ለትምህርት ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ አንባቢዎቻችን ገበያዎቹን ለማየት ቢፈልጉ ቀኑን አስቀድመው ይጠይቁ። እሑድ አሚሾች አይሸጡም። ኤፍራታ ያለው ግሪን ድራገን ዓርብ፣ ማንሃይም ያለው ሩትስ ማክሰኞ ይውላል። ላንካስተር ድረስ ለማይሄዱ፣ በፊላዴልፊያ ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው ሪዲንግ ተርሚናል ማርኬት ውስጥ የእነርሱ መደቦች አሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችንም በሜሪላንድ ጀርመንታውን የአሚሾቹን ገበያ ያገኛሉ። ፊታቸውን ፎቶግራፍ ማንሣት አይወዱም፤ ጠርሙሱንና አትክልቱን ማንሣት ግን ይቻላል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሻጮቹ ወደ ሜሪላንድ የሚመጡት ሾፌር ተከራይተው በሚኒባስ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መደባቸውን ቶሎ ያነሣሉ። በጠዋት ያልደረሰ ሰው የሚያገኘው ከዳቦው የተረፈውን ነው።